ኢ.ሲ. ምን ማለት ነው?
በጠርሙስ፣ በአፈር ምርመራ ወረቀትና በመጋዘን መዝገብ ላይ ስለሚገኝ አንድ ምሕፃረ ቃል

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከገብስና ከባቄላ አገር ወጥቶ ወደ ጤፍና ማሽላ አገር ይገባል። ድብ ባሕር የሚገኘው ቁልቁለቱን ወርደው ነው። በዚህ አካባቢ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ የደጋውንም የቆላውንም ተባይ፣ የሁለቱንም አፈር፣ የሁለቱንም መድኃኒት ይመለከታል። በእጁ የሚገቡት ወረቀቶችና ጠርሙሶችም የዚያኑ ያህል ብዙ ናቸው። ይህች ጽሑፍ የምትናገረው በእነዚህ ወረቀቶችና ጠርሙሶች ላይ ደጋግማ ስለምትገኝ አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ምሕፃረ ቃል ነው።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ባለ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ተገኝቼ ነበር። ተምች ታይቷል ስለተባለ በማግስቱ ርጭት ሊደረግ ታስቦ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ አዛውንት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ አንድ የፀረ-ነፍሳት መድኃኒት ጠርሙስ፣ ከአፈር ላቦራቶሪ የመጣ የምርመራ ውጤትና የመጋዘኑ መዝገብ። በሦስቱም ላይ በላቲን ፊደል ኢ.ሲ. የሚል ተጽፏል። «ልጄ፣ ይህ ኢ.ሲ. የሚሉት ነገር አንድ ነው ወይስ ሦስት?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ምክንያቱም ኃላፊው ጠርሙሱን ወደ መዝገብ ያስገቡት እንዲህ አስበው ነው፦ በመዝገቡ ቅጽ ላይ «ቀን» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ኢ.ሲ. የኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለት ነው፤ ጠርሙሱም ላይ ኢ.ሲ. የሚል አለ፤ ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የታተመው የማብቂያ ጊዜ፣ 03/2017፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 2017 ነው። በዚህ ስሌት መድኃኒቱ ከአምስት ዓመት በላይ ዕድሜ ቀርቶታል። እውነቱ ግን ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነበር፤ ይኸውም በእኛ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ገደማ ነው። መድኃኒቱ ካለፈበት ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ኢ.ሲ. ደግሞ ስለ ቀን የሚናገረው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ለኃላፊው የሰጠኋቸው መልስ «ሦስት ነው፤ እንዲያውም ከሦስት ይበልጣል» የሚል ነበር። ቀጥሎ እያንዳንዱን በተራ እንመለከታለን።

1. በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ

በፀረ-ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ፣ ከመድኃኒቱ ስምና ከአንድ ቁጥር ቀጥሎ የሚጻፈው ኢ.ሲ. የመድኃኒቱን አሠራር ይገልጻል። ተባዩን የሚገድለው ዋናው ንጥረ ነገር በዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ፣ ከውሃ ጋር እንዲዋሐድ የሚያደርግ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል ማለት ነው። ዘይትና ውሃ በተፈጥሯቸው አይዋሐዱም። ኢ.ሲ. የሆነ መድኃኒት ግን ውሃ ላይ ሲጨመር ዘይቱ በጣም ደቃቅ ወደሆኑ ጠብታዎች ስለሚበታተን ውሃው ወተት ይመስላል። ማላታዮን 50% ኢ.ሲ.፣ ካራቴ 5% ኢ.ሲ.፣ ለስንዴ ዋግ የሚረጨው ቲልት 250 ኢ.ሲ. የዚህ ዓይነት ናቸው።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለሦስት ነገር ነው።

ሀ. ለአያያዝ። ፈሳሹ ነዳጅ መሰል ስለሆነ በእሳት ይያያዛል። ከምድጃ፣ ከኩራዝና ከሲጋራ መራቅ አለበት። ዘይታማ በመሆኑም ቆዳን አልፎ ወደ ሰውነት የመግባት ኃይሉ ከዱቄት መድኃኒት ይበረታል። ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው ያልተበረዘውን ፈሳሽ በሚለኩበት ጊዜ ስለሆነ፣ የእጅ ጓንት የሚያስፈልገው ከርጭቱ በፊት ከልኬታው ጀምሮ ነው።

ለ. መበላሸቱን ለመለየት። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚረጭበት መጠን ጥቂት መድኃኒት ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ወተት መስሎ ከቆየ ውሕደቱ ደህና ነው። ዘይት ከላይ ከተንሳፈፈ ወይም ከታች ከዘቀጠ አዋሐጁ ተበላሽቷል፤ ቢረጭ በአንዱ ማሳ ጫፍ ብዙ መርዝ፣ በሌላው ጫፍ ባዶ ውሃ ያርፋል። ነገር ግን ወተት መምሰሉ ብቻ መድኃኒቱ ኃይሉን እንዳላጣ ማስረጃ አይሆንም። የማብቂያ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ወተት ቢመስልም አይረጭም። ለዚህ ሥራ የዋለ ብርጭቆም ዳግመኛ ለመጠጥ አይውልም።

ሐ. ለልኬታ። ከኢ.ሲ. በፊት ያለው ቁጥር በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ ስሕተትም የሚበዛው በዚህ ነው። አንዳንዱ አምራች በመቶኛ ይጽፋል፤ ሌላው በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን ግራም ይጽፋል። 50% ኢ.ሲ. ማለት በሊትር 500 ግራም ነው። 250 ኢ.ሲ. ማለት በሊትር 250 ግራም፣ ማለትም 25% ነው። ከመቶ የሚበልጥ ቁጥር መቶኛ ሊሆን ስለማይችል እርሱ አያሳስትም። አሳሳቹ ከመቶ በታች ያለው ነው። 5% ኢ.ሲ. እና በሊትር 50 ግራም የያዘው «50 ኢ.ሲ.» አንድ መድኃኒት ናቸው። ይህን ሁለተኛውን 50% ነው ብሎ ያነበበ ሰው ኃይሉን በአሥር እጥፍ አሳስቶ ያሰላል።

በምሳሌ እንየው። ለአንድ ሄክታር 20 ግራም ዋና ንጥረ ነገር ያስፈልጋል እንበል። መድኃኒቱ በሊትር 50 ግራም ከያዘ የሚያስፈልገው 400 ሚሊ ሊትር ነው። ቁጥሩን 50% ነው ብለን ካነበብን ግን ስሌቱ 40 ሚሊ ሊትር ይሰጠናል። ገበሬው ደክሞ ይረጫል፤ ተባዩ አይሞትም፤ ጥፋቱም በመድኃኒቱ ላይ ይለጠፋል። በተቃራኒው፣ 50% የሆነውን በሊትር 50 ግራም ነው ብሎ ያነበበ ሰው አሥር እጥፍ መርዝ በማሳው፣ በንቡና በራሱ ላይ ያፈሳል። ስለሆነም ከቁጥሩ አጠገብ የመቶኛ ምልክት ወይም «ግራም በሊትር» የሚል ጽሑፍ ሳያዩ መለካት አይገባም። ለአንድ ሄክታር የሚሆነውን መጠን በመጀመሪያ ከመለያ ወረቀቱ አንብቦ፣ ከዚያ ለአራት ጥማድ ማካፈል ይበጃል።

ከኢ.ሲ. ሌላ በዚያው ቦታ የሚጻፉ ምሕፃረ ቃላት አሉ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ደብሊው.ፒ.፦ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት። በርጭት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ካልተነቃነቀ ይዘቅጣል።
ኤስ.ኤል.፦ በውሃ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ ፈሳሽ። ወተት አይመስልም።
ኤስ.ሲ.፦ ደቃቅ ዱቄት በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈበት። ከመለካት በፊት ጠርሙሱ ይናወጣል።
ዲ.ፒ.፦ እንዳለ የሚበተን ደረቅ ዱቄት። ውሃ አይገባበትም።
ዩ.ኤል.፦ ሳይበረዝ በአውሮፕላን ወይም በልዩ መርጫ የሚረጭ። በጀርባ መርጫ ውስጥ አይገባም፤ ከውሃም ጋር አይቀላቀልም።

አንድ ማኅበር መድኃኒት ሲያዝዝ «ማላታዮን» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ትእዛዙ ጎደሎ ነው። በማሳ ላይ ለተባይ የሚረጨው ማላታዮን 50% ኢ.ሲ. ፈሳሽ ነው፤ ለጎተራ ነቀዝ የሚውለው ማላታዮን 5% ደረቅ ዱቄት ነው። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ሁለት ነው። መለያ ወረቀቱ ለተከማቸ እህል ነው ብሎ በግልጽ ያልፈቀደውን ፈሳሽ ሰው በሚበላው እህል ላይ ማፍሰስ ቤተሰብን መመረዝ ነው።

2. በቀን አጠገብ

በእንግሊዝኛ በሚጻፉ የመሥሪያ ቤት ቅጾችና ደብዳቤዎች ላይ ከዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ኢ.ሲ. የኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለት ነው። የአውሮፓው ደግሞ ጂ.ሲ. ይባላል። በአማርኛ የኢትዮጵያውን ዓ.ም.፣ የአውሮፓውን እ.ኤ.አ. ብለን እንጽፋለን። አንዳንድ ሰው የኢትዮጵያውን እ.ኢ.አ. ብሎ ይጽፋል። በእ.ኤ.አ. እና በእ.ኢ.አ. መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ስለሆነች፣ በችኮላ በተጻፈ መዝገብ ላይ ሰባትና ስምንት ዓመት ታሳስታለች። ስለዚህ ለኢትዮጵያው ዓ.ም. ብቻ መጻፍ ይሻላል።

አንድ ዓመተ ምሕረት በሁለት መልክ እንደሚጻፍ በሕጋችን ላይም ይታያል። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 674/2002 ሲባል፣ በእንግሊዝኛ ቁጥር 674/2010 ይባላል። አዋጁ ግን አንድ ነው።

ከውጭ አገር በገባ መድኃኒት ላይ የታተመው የተመረተበትና የሚያበቃበት ጊዜ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ለመመለስ የሚከተለውን መያዝ በቂ ነው።

የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 8 ከሆነ፦ በወሩ ላይ 4 ይጨመራል፤ ከዓመቱ 8 ይቀነሳል። ለምሳሌ 03/2017 ሲሆን፣ 3 ሲደመር 4 ሰባተኛው ወር መጋቢት፣ 2017 ሲቀነስ 8 ደግሞ 2009 ይሆናል።

የወሩ ቁጥር ከ9 እስከ 12 ከሆነ፦ ከወሩ 8 ይቀነሳል፤ ከዓመቱ 7 ይቀነሳል። ለምሳሌ 11/2017 ሲሆን፣ ሦስተኛው ወር ኅዳር፣ ዓመቱም 2010 ይሆናል።

የሁለቱ አቆጣጠር ወሮች የሚጀምሩበት ቀን በአንድ ሳምንት ከቀናት ስለሚለያይ ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ለመጋዘን ሥራ ግን ይበቃል። የማብቂያው ወር የደረሰ ከሆነ ጥቂት ቀን ይቀራል ብሎ መከራከር አያስፈልግም።

ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ጉዳቱ ኃይሉን ማጣቱ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1976 (በእኛ 1968 ዓ.ም.) በፓኪስታን ለወባ መከላከያ ማላታዮን ሲረጩ ከነበሩ 7,500 ያህል ሠራተኞች መካከል 2,800 ያህሉ ተመርዘው 5 ሰዎች ሞተዋል። ያ መድኃኒት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት እንጂ ኢ.ሲ. አልነበረም። ምክንያቱ ሲመረመር ግን በመድኃኒቱ ውስጥ በክምችት ጊዜ ኢሶማላታዮን የሚባል ነገር በዝቶ ተገኝቷል። ይህ ነገር የሰው ሰውነት ማላታዮንን የሚከላከልበትን መንገድ ስለሚዘጋ መርዙን ያበረታዋል። እንግዲህ መድኃኒት በሙቀትና በመቆየት ለተባዩ ሲደክም ለሰው ሊበረታ ይችላል ማለት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የቆላ መጋዘን ምን ያህል እንደሚሞቅ አንባቢው ራሱ ያውቀዋል።

አገራችንም የዚህን ዕዳ ከፍላለች። ለብዙ ዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ከ1,000 ቶን በላይ ፀረ-ተባይ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተሰብስቦ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል ተደርጓል። መድኃኒቱን ለመግዛት የወጣው ገንዘብ አልበቃ ብሎ ለማስወገዱም ብዙ ገንዘብ ወጥቷል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ቢወጣ፣ የማብቂያ ጊዜውም በትክክል ቢነበብ ኖሮ የክምችቱ መጠን ባነሰ ነበር።

3. በአፈርና በውሃ ምርመራ ወረቀት ላይ

ከላቦራቶሪ በመጣው ወረቀት ላይ «ኢ.ሲ. 0.12» የሚል ተጽፎ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይህን አይተው «አፈራችን ውስጥ መድኃኒት ገብቷል ማለት ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። አልገባም። በአፈርና በውሃ ምርመራ ኢ.ሲ. ማለት የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መጠን ነው። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ለማለት ይቻላል፤ ጨው ሲሟሟበት ግን ያስተላልፋል። ጨው በበዛ ቁጥር አስተላላፊነቱ ይጨምራል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የጨው መለኪያ ነው።

መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። በቀድሞ ወረቀቶች ላይ ሚሊሞስ በሴንቲ ሜትር የተባለውም በቁጥር ከዚሁ ጋር እኩል ነው። በማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር ከተጻፈ ግን ቁጥሩ ሺህ እጥፍ ስለሚሆን ለ1,000 ማካፈል ያስፈልጋል። ውሃ ጠግቦ ከላላ አፈር ከተጨመቀ ፈሳሽ የተለካ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። በዚሁ አለካክ ባቄላ መሰሉ ቦሎቄ ከ1.0፣ ሽንኩርት ከ1.2፣ ድንች ከ1.7 በላይ ሲሆን ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። ስንዴ እስከ 6፣ ገብስ እስከ 8 ይታገሣሉ። አፈሩ በአምስት እጥፍ ውሃ ተበጥብጦ ከተለካ ቁጥሩ በጣም ያነሰ ስለሚሆን ከእነዚህ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። በየትኛው መንገድ እንደተለካ ላቦራቶሪውን መጠየቅ ይገባል።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ዝናቡ ጨውን አጥቦ ስለሚወስድ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። በደጋው ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የአፈር ኮምጣጣነት ሲሆን፣ እርሱም በወረቀቱ ላይ ፒ.ኤች. በሚለው ሥር የሚገኝ ሌላ ቁጥር ነው። ዝናቡ ባነሰበትና በመስኖ አትክልት በሚለማበት ቦታ ግን የኢ.ሲ. ነገር ችላ አይባልም። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ የመስኖ ውሃ በዝቶ፣ ማንጠፍጠፊያ ቦይ ሳይሟላ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ በማለቱ ጨው ወደ ላይ ወጥቶ ብዙ የጥጥ መሬት ተበላሽቷል። የመስኖ ውሃ ከ0.7 በታች ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም፤ ከ0.7 እስከ 3.0 ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ከ3.0 በላይ ከሆነ ለአብዛኛው አትክልት አይበጅም።

4. በሌሎች ቦታዎች

ኢ.ሲ. የአውሮፓ ማኅበረሰብም ምሕፃረ ስም ነበር። ማኅበረሰቡ በዚህ ስም የሚጠራው እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በሚለው ተተክቷል። በአንዳንድ የኬሚካል ዕቃዎች ላይ «ኢ.ሲ. ቁጥር» ተብሎ በሰረዝ የተከፋፈለ ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር ይገኛል። ይህ በአውሮፓ የተሰጠ የኬሚካሉ መለያ ነው፤ ኃይሉንም፣ መጠኑንም፣ ቀኑንም አይገልጽም። አንድ ፊደል ሲጨመር ደግሞ ኢ.ሲ.ኤ. በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ኢ.ሲ.ኤክስ. የሰሊጥ አምራች ማኅበራት የሚያውቁት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይሆናል።

5. ምን ይደረግ?

ምሕፃረ ቃል ለሚያውቀው ሰው ጊዜ ይቆጥባል፤ ለማያውቀው ግን ያሳስታል። ኢ.ሲ. ብቻዋን ምንም አትናገርም። የምትናገረው የተጻፈችበት ዕቃ፣ ከፊቷ ያለው ቁጥርና ከኋላዋ ያለው መለኪያ ናቸው። በመሆኑም የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ኃላፊዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

1ኛ. በመጋዘን መዝገብ ላይ ኢ.ሲ. የሚለውን አለመጠቀም። በመድኃኒት ዓይነት ዐምድ «ወተት መሳይ ፈሳሽ»፣ «የሚበጠበጥ ዱቄት»፣ «ደረቅ ዱቄት» ብሎ በአማርኛ መጻፍ።

2ኛ. የማብቂያ ጊዜን በሁለት ዐምድ መመዝገብ፤ አንዱ በጠርሙሱ ላይ እንደታተመው፣ ሁለተኛው ወደ ዓ.ም. ተለውጦ። ለውጡን አንድ ሰው ሠርቶ ሌላ ሰው ይመልከተው።

3ኛ. የኃይል መጠንን በግራም በሊትር ብቻ መመዝገብ። በመቶኛ የተጻፈ ከሆነ በ10 ማባዛት ነው።

4ኛ. ትእዛዝ ሲጻፍ የመድኃኒቱን ስም፣ ኃይሉን፣ ዓይነቱንና የሚውልበትን ተባይና ሰብል አሟልቶ መጻፍ።

5ኛ. የማብቂያ ጊዜው የቀረበውን ከፊት፣ የራቀውን ከኋላ መደርደር።

6ኛ. ጊዜው ያለፈውን ለይቶ፣ «አይረጭም» የሚል በአማርኛ ጽፎ፣ ቆልፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ። መቅበር፣ ማቃጠል ወይም ወንዝ ውስጥ መድፋት ፈጽሞ አይገባም። ከሊማሊሞ ሥር የሚፈሰው ውሃ ወደ ዛሪማ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ የሚወርድ የብዙ ሰውና ከብት መጠጥ ነው።

7ኛ. ባዶ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ከተጨመረ በኋላ ተበስቶ ይቀመጥ። ለውሃ፣ ለጋዝ፣ ለአረቄ ወይም ለዘይት መያዣ አይሰጥም።

የመጋዘኑ ኃላፊ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያሏቸውን ጠርሙሶች ሁሉ አንድ በአንድ እያነሡ አስነበቡኝ። ጊዜያቸው ያለፈው ተለይተው በአንድ ሣጥን ገቡ፤ የማግስቱም ርጭት ሌላ መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ ዘገየ። እስከዚያው ገበሬዎቹ ትሉን በእጅ እየለቀሙ ቆዩ። ኃላፊው በመዝገባቸው ራስጌ ላይ የነበረውን ኢ.ሲ. ሰርዘው በራሳቸው እጅ «የኢትዮጵያ ዘመን» ብለው ጻፉበት። ሥራው ከግማሽ ቀን በላይ አልፈጀም። በየመጋዘናችሁም ርጭት ከመጀመሩ በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ይህንኑ እንድታደርጉ እናሳስባለን።